በዘጠኝ ጥያቄ ጤነኛ የተባሉት ሽማግሌ

«ዛሬስ ነፋሱ ደግ ነው፤ አይደለም ወይ ባንታምላክ?» አሉ አያ ስንሻው። ከጤና ጣቢያው በር ላይ ካለችው የኒም ዛፍ ሥር በርጩማቸውን ወደ ሰሌኑ ዳስ ጠጋ አድርገው እየተቀመጡ ነበር። «ትናንት እኮ ከገዳሪፍ በኩል የመጣው አቧራ አፍ አያስከፍትም ነበር። … ለኔ ቢጤው ግን ተስማምቶታል። አፉን የማይከፍት ሰው አቧራ ምን ያደርገዋል?»

ዘበኛው ባንታምላክ ቀና ብሎ አያቸው። ሱዳን ውስጥ ባለው በዚህ የስደተኞች ሰፈር፣ ይህን በር ሲጠብቅ አራት ዓመቱ ነው፤ የአያ ስንሻውን ድምፅ ግን የሚያውቀው ሲያስነጥሱ ነው ማለት ይቻላል። ጠዋት ይመጡና መሬቱን በዱላቸው ሁለት ጊዜ መታ መታ ያደርጋሉ፤ ያ «እንደምን አደርክ» ነው። ሲሄዱ አንድ ጊዜ ይመታሉ፤ ያ «ደህና ዋል» ነው። አሁን በአንድ ትንፋሽ ይህን ሁሉ ሲናገሩ ሲሰማ፣ ወባ ተነሥቶባቸው ይሆን ብሎ ግንባራቸውን ሊዳስስ ዳዳው።

ወባ አልተነሣባቸውም። ከጀርባቸው ያለው በሣርና በሰሌን የተሠራ ዳስ፣ ሱዳኖቹ ራኩባ የሚሉት፣ የነርሶቹ መማሪያ ነው። በውስጡ ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም የመጣችው አስተማሪ ብቻዋን ተቀምጣ የስድስት ሳምንቱን የአእምሮ ጤና ሥልጠና ውጤት ትሞላለች። ሠልጣኞቹ ስምንት ናቸው። ሰባቱ አልፈዋል። አንዷ፣ እናትነሽ፣ ወድቃለች ተብሏል። ስድስት ሰዓት ላይ መኪና መጥቶ ዝርዝሩን ወደ ከተማ ይወስደዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚለወጥ ነገር የለም። እናትነሽ ጎንደር የነርስነት ትምህርቷን ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ድንበር የተሻገረች ልጅ ናት። የሥልጠናውን ወረቀት ካላገኘች ጤና ጣቢያው አይቀጥራትም፤ ማጭዷን አንሥታ ወደ ሲምሲም፣ ወደ ሰሊጡ እርሻ መመለስ ነው።

ከሰሌኑ ማዶ የብዕር ጭረት ይሰማል። ጭረቱ ወዲህ ከተሰማ፣ የሰው ቃልም ወዲያ እንደሚሰማ አያ ስንሻው አላጡትም።

«እኔ መቼም ዛሬ ሰው ላመሰግን ነው የመጣሁት» ብለው ቀጠሉ፣ ዱላቸውን በጉልበታቸው መካከል አቁመው። «አንዲት ሰው ናት። ስሟን አልጠራም። ብትኮራብኝስ? ኃጢአቱ ለኔ ነው። … ዝም ብዬ ‹ያቺ ሰው› ልበልህ። አንተም ማን ናት አትበለኝ። ከጠየቅኸኝ እነግርሃለሁና።»

ባንታምላክ ሰሌኑን በዓይኑ ጠቀሰ፤ ሰው አለ ለማለት። አያ ስንሻው ዓይናቸውን ወደ ዛፉ ቅጠል አነሡ፤ አላየሁም ለማለት።

«እንዴት ያለች ንጹሕ ናት! በዚህ አቧራ ነጭ ጋዋን ለብሳ ትገባለች፣ ነጭ እንደለበሰች ትወጣለች። ምን ምሥጢር አላት አልኩና ስድስት ሳምንት ሙሉ ከዚህ ዛፍ ሥር ሆኜ አጠናሁ። … ደረስኩበት። ምንም አትነካም። ሰውም አትነካም። እኔን እየኝ እስቲ፤ ይኼን እጅ። አፈር ሲነካ፣ ሬሳ ሲያጥብ፣ የሰው እንባ ሲጠርግ ኖሮ ቀለሙ እንኳ ጠፍቶበታል። ቀደም ብዬ ባውቃት ኖሮ እኔም እስከ ዛሬ ነጭ ለብሼ እኖር ነበር።

«ሰዓቷስ! ሁለት ሰዓት ካለች ሁለት ሰዓት ነው። ሰው ቢሞት ሁለት ሰዓት ነው፣ ሰው ቢወለድ ሁለት ሰዓት ነው። እኛ ጥላው ከዛፉ ግንድ ሲደርስ ምሳ የምንል ሰዎች ከየት ደርሰንባት? … ልቧንም እንደዚሁ ነው የያዘችው አሉ። ያ የሕፃናት ክትባት የሚመጣበት የበረዶ ሣጥን አለ አይደል? ሙቀት እንዳያገኘው ክዳኑን ገጥመው ነው የሚይዙት። ካልሞቀ አይበላሽም። ጥሩ አያያዝ ነው። … ብዙ ዘመን ይቆያል።»

የብዕሩ ድምፅ ለአንድ አፍታ ቆም አለና ቀጠለ።

ባንታምላክ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ ዘጋው። የሚገባም የሚወጣም ሰው አልነበረም። የገዛ ልጆቹ እንጀራ የሚበሉት ከዚህ በር ነው፤ ከአያ ስንሻው ጋር ሲያወራ ተገኘ ቢባል ምን ይመልሳል? ያወራው እሱ አይደለም ማለት ይችል ነበር፤ ግን አያ ስንሻው አወሩ ቢል ደግሞ ማን ያምነዋል?

«ትምህርቷን ሁሉ በዚህ ሰሌን አሾልኬ ሰምቻለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ፊደል ሳልቆጥር የሥነ ልቦና ተማሪ ሆኜልሃለሁ። አንድ ቀን ሥዕል ሰቀለች፤ በቀዳዳው አየሁት። የዱራ፣ የማሽላ ራስ መሰለኝ፤ የእርሻ ትምህርት ጀመሩ ብዬ ደስ አለኝ። ‹ይኼንስ ነቀዝ በልቶታል› ልል ምንም አልቀረኝ። ለካ የሰው አንጎል ኖሯል! … ሌላ ቀን ማዳመጥ አስተማረች። ሰው ሲናገር ራስህን ሦስት ጊዜ ትነቀንቃለህ፤ ከዚያ ‹ያዘኑ ይመስላል› ትላለህ። ማታ ቤቴ ገብቼ በፍየሏ ተለማመድኩ። ሦስት ጊዜ ነቀነቅሁ፣ ‹ያዘንሽ ይመስላል› አልኳት። አተኩራ አየችኝና ነጠላዬን መብላት ጀመረች። … መምህር የሌለው ትምህርት እንዲህ ነው።

«እኔ እኮ እዚህ ሥራም ነበረኝ፤ ሰምተህ የለ? በሽተኛ ነበርኩ። አትሳቅ። ልጆቹ መጠየቅ የሚለማመዱበት ሰው ይፈለጋል ተባለ። ሰው ድብርት ይዞት እንደሆነ በጥያቄ ነው የሚታወቀው አሉ፤ መርፌ የለ፣ ደም የለ። ያቺ ሰው ግቢውን ዞር ዞር ብላ አየችና ወደኔ ጠቆመች። ‹እኚህ ሽማግሌ ይሁኑ፤ አያስቸግሩም፣ ዝም ይላሉ።› ስድሳ ስምንት ዓመት ስኖር ከሰው መሀል ተመርጬ አላውቅም። ሚስት ሳጭ እንኳ የልጅቷ አባት ‹ታላቅየውስ የለም ወይ?› ብለው ነበር። … ደስታዬ ይታይህ። አውራ ጣቴን ቀለም ነክረው ስምንት ጊዜ አስፈረሙኝ። ‹የነገሩንን ለማንም አንናገርም› ነው የሚለው አሉ ወረቀቱ። ምን ነገርኳቸውና! መሃይሙ እኔ ነኝ እንጂ አውራ ጣቴስ ዘንድሮ ተመርቋል።

«ዘጠኝ ጥያቄ ነው። አንዷ ትመጣለች፣ ፊት ለፊቴ ትቀመጣለች፣ እስክሪብቶዋን ትከፍታለች። ‹አባባ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍ እምቢ ብሎዎታል?› ‹ይመስገን› እላለሁ። ‹ምግብስ?› ‹ይመስገን።› ‹ተስፋ መቁረጥ?› ‹ኧረ ይመስገን።› … ሌላ ምን ልበል? ሰው እንዴት ነህ ሲለኝ ከዚህ ሌላ መልስ አባቴም አላስተማረኝ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ታውቃታለህ? ‹ብሞት ይሻለኛል ብለው አስበው ያውቃሉ?› ‹ይመስገን› አልኳት። ‹የለም› ብላ ጻፈች። … ሰባቱም እንዲሁ። አንዷማ በአሥራ አንድ ደቂቃ ጨረሰችኝ፤ ቀና ሳትል። የጠየቀችው ሽማግሌ ይሁን የቧንቧ ብረት ብትጠየቅ አታውቅም። እሷ ነች አንደኛ የወጣችው፤ ይገባታል።

«ውጤቴ መጣ። ዜሮ! ያቺ ሰው በሁሉም ፊት ከፍ አድርጋ አነበበችው። ‹ዜሮ ማለት ጤነኛ ማለት ነው። እኚህ ሰው ምንም የለባቸውም። ኻላስ፣ ወደሚቀጥለው።› … አየህ? ከመተማ እስከ ከሰላ፣ ከስደተኛው ከባላገሩ እንደኔ ጤነኛ የለም። በወረቀት ያለ ነገር ነው። ያን ዕለት ዜሮዬን አቅፌ፣ ዓይኔን ሳልከድን አደርኩ። እንዴት ያለ ጤና ነው በለኝ!»

አያ ስንሻው ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ የሳቅ ምልክት አልነበረም። ባንታምላክም መሬት መሬቱን ማየት ጀምሯል። በዚያ ሰሞን ሽማግሌው ምን ተሸክመው ይውሉ እንደነበር ኋላ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

«ታዲያ ምን ነበረብህ አትለኝም? … ተወው፣ አትጠይቀኝ። ከዘጠኙ ውስጥ የለችም። የታምሬ መርዶ ነበረብኝ፤ የኮከብ ባል። ሲምሲም አጨዳ ሄዶ እዚያው በረሃ ውስጥ ወባ ጣለው፤ የሥራ ጓደኞቹ ቀበሩት። ከማሉ ባለሱቁ ሰማና፣ እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይሆንም ብሎ፣ እስላሙ ሰው፣ ሱቁን ዘግቶ ከገዳሪፍ ድረስ መጥቶ በጆሮዬ ነገረኝ። ለምን ለኔ? መርዶ ነጋሪው እኔ ነኛ! ሰው በሞተ ቁጥር ‹አያ ስንሻው ቃል አያበዙም፣ እሳቸው ይንገሩ› ይላሉ። ዝም ስለምል የሰፈሩን ከባድ ቃል ሁሉ እኔ ላይ ይጭኑታል። እንግዲህ ሁለት ሥራ ነበረኝ ማለት ነው፤ መለማመጃ በሽተኛና መርዶ ነጋሪ። ለሁለቱም የተመረጥኩት በዝምታዬ ነው። … ለሁለቱም አልረባሁም።

«ኮከብ አራስ ነበረች። ለአራስ መርዶ አይነገርም፤ ጡቷ ይደርቃል። እዚህ ድረስ ልክ ነበርኩ። ልጁ ክርስትና ይነሣ አልኩ። ተነሣ። ጾም ነው፣ ጉልበት የላትም አልኩ። ጾሙ ወጣ። በገና እንዴት ይነገራል አልኩ። ገና አለፈ። ጥምቀት ይለፍ አልኩ። … ከጥምቀት በኋላስ? ረቡዕ አይሆንም አልኩ፣ ዓርብ አይሆንም አልኩ። ማክሰኞ ደርሶ ምክንያት ባጣ ወገቤን አመመኝ። ሁለት ወር ከምናምን! በዚያ ሁሉ ቀን ኮከብ ጀሪካኗን ይዛ ወደ ቧንቧው ስታልፍ ‹አያ፣ ከታምሬ ወሬ ሰሙ?› ትለኛለች። እኔስ ምን እላታለሁ? … ‹ይመስገን።›

«ለምን እንደፈራሁ ልንገርህ? ታምሬ ‹ልጁ እስኪወለድ ልቆይ› ብሎኝ ነበር፤ እዚችው ዛፍ ሥር። ‹ሂድ፣ የዘንድሮ ሲምሲም ጥሩ ነው› አልኩት። ሄደ። … እኔ በዓመት ስንት ቃል እናገራለሁ? ዘንድሮ ከተናገርኳቸው አንዷ ይቺ ነበረች።»

ነፋሱ የኒሙን ቅጠል አንኮሻኮሸው። አያ ስንሻው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ከፍ አድርገው ከንፈራቸውን ጠረጉ። ከዚህ በላይ መናገር አልለመዱም፤ ምላሳቸው እንደ አዲስ ጫማ ይቆረቁራቸው ጀምሯል። ግን ፀሐይዋ ወደ አናት እየወጣች ነው፤ መኪናው ሊመጣ ነው።

«ስምንተኛዋ መጣች» አሉ። «የእሷን ስም እጠራለሁ፤ እሷን አላመሰግናትምና። የወደቀ ሰው ምን ይመሰገናል? እናትነሽ ናት። የእንቅልፉን ጠየቀችኝ፤ ይመስገን አልኩ። የምግቡን ጠየቀችኝ፤ ይመስገን አልኩ። ሦስተኛው ላይ እስክሪብቶዋን ከደነችው። … ሰነፍ! ገና ሰባት ይቀራት ነበር እኮ! ከዚያ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ወንበሯን ከፊቴ አንሥታ ጎኔ አመጣችው፤ ልክ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት። ያቺ ሰው ያስተማረቻት ፊት ለፊት ነው፤ አንድ ክንድ ርቆ ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ ደክማባት! ተቀመጠችና ዝም አለች። እኔም ዝም። ሁለት ሰዎች ተጎራብተን የትምህርቱን ሰዓት ዝም ብለን በላነው። … ከሚስቴ ወዲህ እንደዚያ ደህና አድርጎ ያወራኝ ሰው የለም።

«በዚያ መሀል ኮከብ ጀሪካኗን ይዛ በበሩ አለፈች። እኔ ልማዴ ነው፣ ፊቴን አዞርኩ። ይቺ ሰነፍ ተማሪ ኮከብን አየች፣ እኔን አየች። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ ‹አያ… መርዶ ይዘዋል እንዴ?› አለችኝ።»

ባንታምላክ ጆሮውን ወደ ሽማግሌው አዘነበለ።

«እንዲህ ያለ ጥያቄ ከዘጠኙ መሀል አለ? የለም። ታዲያ ውጤት ብትከለከል ምን ይገርማል? እኔ ግን፣ ጤነኛው ሰውዬ፣ ባለ ዜሮው፣ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅሁ። ስንት ሰው ለፍቶ የመዘገበልኝን ጤና በአንድ ጥያቄ አበላሸችብኝ። ይኼም ይጻፍባት!

«በነጋታው ሽማግሌዎቹን ሰበሰብኩ። ለማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ይሁን ተባለ። ለካ ያ ጠዋት የልጆቹ ፈተና ኖሯል! ማስታወቂያው በሩ ላይ ተለጥፎ ነበር አሉ። … እኔ የምቀመጠው ከሥሩ ነው። ጀርባዬን ወረቀቱ ላይ አስደግፌ ነው የዋልኩት። ከሁለት ወር ሙሉ ቀን፣ ማክሰኞ የለ፣ ቅዳሜ የለ፣ መርጬ መርጬ የልጅቷን የፈተና ቀን ጣልኩባት። እሷ ታውቅ ነበር፤ አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከፊት ከፊት ሄደች።

«ኮከብ ቤት ደረስን። መናገሩ የኔ ድርሻ ነው። አፌን ከፈትኩ። ‹ኮከብ ልጄ…› አልኩ። ቀጥሎ የሚመጣው ጠፋኝ። መርዶ ነጋሪውን እየው! ኮከብ ግን በዚያ ሰዓት ሽማግሌ በሯ ላይ ቆሞ ስታይ አወቀችው። ፊቷን ልትቧጭር እጇን ስታነሣ እናትነሽ ቀድማ ያዘቻት፤ ደረቷ ላይ ለጥፋ አብራት ጮኸች። ሕፃኑን የምታጠባ ጎረቤት ከዋዜማው ለምና ኖሯል። ቢላውንና ገመዱን ከቤት አውጥታለች። ውሃ ቀድታለች። ማን አስተማራት? ያቺ ሰው አላስተማረቻትም፤ እንግዲያው ትምህርት አይደለም ማለት ነው። … ይኸው ኮከብ ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ልጇን ታቅፋ ደጅ ተቀምጣ አየኋት። ‹አያ› አለችኝ። ሌላ አላለችም። አልሰደበችኝም። እናትነሽ ያን ዕለት ይዛ ያቆየችው ያቺን ‹አያ› መሰለኝ።

«ሦስት ቀን አብራት ቆይታ፣ ድምፅዋ ተዘግቶ ስትመለስ ፈተናው አልፏል። ያቺ ሰው መቼም ቁጣ አታውቅም፤ ድምፅዋ እንደ ሬዲዮ ነው፣ ከፍ የለ ዝቅ የለ። ‹ማዕሌሽ፣ ይቅርታ እናትነሽ። ከታማሚ ጋር የምታለቅስ ነርስ ራሷም ታማሚ ናት። ፎርምሽም ባዶ ነው› አለቻት። እውነቷን ነው፤ ባዶ ነው። ሰባቱን የተሞሉትን ከማሉ ሲመጣ አንብቦልኝ ነበር፤ እኔ የለሁባቸውም። … በባዶው ግን አለሁ። ይኼን ለማን ልናገር? ሳልማር አስተማሪ ላርም? ያቺ ሰው ምን አጠፋች? የሆነውን ጻፈች። ልጅቷን የጣልኳት እኔ ነኝ። አንድ ቃል በጊዜው መናገር አቅቶኝ፣ ይኸው ዛሬ ጊዜው ካለፈ እንደ ወፍጮ እጮኻለሁ።»

ከሩቅ የሞተር ድምፅ ተሰማ። ባንታምላክ ተነሣ፤ አያ ስንሻው ዱላቸውን በእግሩ ፊት ዘርግተው አስቀመጡት።

«ቁጭ በል፤ ገና ከቧንቧው አላለፈም። … የያቺን ሰው ብርታት ሳልነግርህ? ምን እነግርሃለሁ፣ አንተው አይደለህ የነገርኸኝ!»

ባንታምላክ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ወደደ።

«በሁለተኛው ሳምንት ትምህርቱ መሀል ስልኳ ጮኸ፤ ከካርቱም። የሞቱት እናቷ ኖረዋል። … በዚያ ጦርነት መሀል፣ መድኃኒት ጠፍቶ። ሰማች፣ ስልኩን ዘጋች፣ አንድ ሶፍት አወጣች፣ ‹የት ደርሰን ነበር?› አለች። ሽማግሌ የለ፣ ጎህ የለ፣ ደግፎ የሚይዝ የለ፤ በስልክ! ሰባቱ ‹ገጽ አሥራ ሁለት› አሏት። እንዴት ያሉ ጎበዞች ናቸው? ገጹን አልሳቱም። አንዷ ብቻ ደብተሯን ጥላ ተነሥታ ወደ እሷ መጣች። ‹ተቀመጪ› ተባለች። ተቀመጠች። … የትኛዋ እንደሆነች አልነግርህም። ውጤቱ ሲለጠፍ ከታች ፈልጋት።»

የብዕሩ ጭረት ቆመ። ይህን ጊዜ አልቀጠለም።

አያ ስንሻው ጀርባቸውን ሰሌኑ ላይ ሳያስደግፉ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። የሰው እናት ሞት በአደባባይ አነሡ፤ በሽምግልናቸው እንዲህ ያለ ነገር ከአፋቸው ይወጣል ብለው አስበው አያውቁም። ሆዳቸው ‹በቃህ፣ ሂድ› አላቸው። እግራቸው ግን አልተነሣም።

መኪናው አቧራውን እያቦነነ መጥቶ በሩ ላይ ቆመና ጡሩምባውን ነፋ። የራኩባው መጋረጃ ተገለጠ። አስተማሪዋ ዝርዝሩን ይዛ ወጣች፤ ጋዋኗ ነጭ ነው፣ ዓይኗ ግን ቀልቷል። ወረቀቱ ገና ፖስታው ውስጥ አልገባም። ሁለት እርምጃ ወደ መኪናው ሄዳ ቆመች፤ ከአያ ስንሻው በርጩማ አጠገብ። ሾፌሩ እጁን ዘረጋ። እሷ ወረቀቱን አልሰጠችውም፤ አልመለሰችውምም።

ሽማግሌው ቀና ብለው አላዩአትም። ዱላቸውን ተደግፈው ቀስ ብለው ተነሡና ፊታቸውን ወደ ባንታምላክ አዞሩ። ድምፃቸው ለስለስ ያለ፣ ከልብ የሚመርቅ አባት ድምፅ ነበር።

«እንግዲህ ልሂድ። ብዙ ቀባጠርኩ፤ በወረቀት ጤነኛ ነኝ እንጂ እንደምታየኝ አላምርም። ያቺን ሰው ሳልመርቅ ብሄድ ግን ነውር ነው። አንተ አሜን በልልኝ። … እግዚአብሔር ዕድሜ ከጤና ይስጣት። የወጣችበትን አገር ሰላም አድርጎ ይመልስላት። የእናቷን ለቅሶ ገና አልተቀመጠችም አሉ… የተቀመጠች ቀን፣ ያሳለፈቻቸው ሰባቱ አንድ ሳይቀሩ ይድረሱላት። ከወደቀችዋ ግን ፈጣሪ ይሰውራት፤ በዚያ ቀን አጠገቧ አያድርስባት። … አሜን በል እንጂ፣ ባንታምላክ!»